በሕግ አምላክ፤ ስለ ወንዝ ዓሣና ስለ ደንብ ተላላፊ አጥማጆች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በሀገራችን ውኃ ውስጥ የማይገኝ ዓሣን የሚመለከት ነው። ሳልመን በሰሜን አትላንቲክ ባሕርና ወደዚያ ባሕር በሚፈሱ ቀዝቃዛ ወንዞች የሚኖር ዓሣ ነው፤ የእኛ ወንዞች አያውቁትም። ይሁን እንጂ የሳልመንን ወንዝ የሚጠብቅ ሰው ሌሊት በወንዝ ዳር ቆሞ የሚያሳስበው ነገር፣ በጣና ዙሪያ ወይም በሌሎች ሐይቆቻችን ዳር ለተሰማራው ባለሙያም እንግዳ አይደለም። ደንብ የተላለፈ አጥማጅ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል? ይቀጣልን? ይመከራልን? ወይስ እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ይሻላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የዓሣውንም የሰውንም ኑሮ የሚወስን ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ጠባይ ጥቂት ልበል፤ የወንዙ ደንብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ጠባይ ነውና። ሳልመን በወንዝ ተወልዶ በባሕር የሚያድግ፣ ለመራባት ደግሞ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። እናቲቱ የወንዙን ጠጠር በጅራቷ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። የተፈለፈለው ጫጩት እንደ ውኃው ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ አራትና ከዚያም በላይ ዓመት በወንዙ ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ወርዶ አንድ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዓመት በልቶና ወፍሮ ይመለሳል። የትውልድ ወንዙን ለይቶ የሚያገኘው በማሽተት ነው። ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መመገቡን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ በባሕር ባከማቸው ስብ እየኖረ፣ በወንዙ ጥልቅ ስፍራዎች ተሰብስቦ የመራቢያ ጊዜውን ይጠብቃል።

እንግዲህ በሰፊው ባሕር ተበትኖ የነበረው ሀብት በጠባብ ወንዝ ሲሰበሰብ፣ ጊዜውንም ስፍራውንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መረብ፣ የብዙ ዓመት ተስፋ ሊጠረግ ይችላል። እናቲቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትይዛለች። ስለዚህ አሥር ኪሎ የምትመዝን እናት በሕገ ወጥ መንገድ ስትወሰድ፣ ከእርሷ ጋር ከ10,000 በላይ እንቁላል አብሮ ይጠፋል። በመራቢያ ወቅት ማጥመድ የሚከለከለው፣ የመረቡ ዓይን ስፋት የሚለካው፣ የሚያዘው ዓሣ የሚቆጠረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደንቡ ሳይጠበቅ ወይም ዘግይቶ ሲወጣ የሚደርሰውን ለመረዳት፣ የስም መመሳሰል ያገናኘንን አንድ ወንዝ ልጥቀስ። በኖርዌይና በፊንላንድ ድንበር ላይ የሚፈስ፣ ኖርዌዮች ታና፣ ፊንላንዶች ቴኖ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ደግሞ ዴአትኑ የሚሉት ትልቅ ወንዝ አለ። ከእኛ ጣና ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። በዘንግና በመንጠቆ ከተያዘው የአትላንቲክ ሳልመን ሁሉ ትልቁ፣ 36 ኪሎ ያህል የሚመዝነው፣ በ1928 በዚሁ ወንዝ በሄንሪክ ሄንሪክሰን እንደተያዘ ተመዝግቧል። በ1970ዎቹ ውስጥ በአንድ ዓመት ብቻ ከ200 ቶን በላይ ሳልመን የተያዘበት ጊዜም ነበር። ሀብቱ እየመነመነ በመሄዱ፣ ሁለቱ መንግሥታት የማጥመድን ጫና በሠላሳ በመቶ ያህል ለመቀነስ በማሰብ በ2017 አዲስ ስምምነት በሥራ ላይ አዋሉ። ያም አልበቃም። በ2021 በወንዙና በገባሮቹ ሳልመን ማጥመድ ጨርሶ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ሕግ አክባሪውም ሕግ ተላላፊውም እኩል መንጠቆውን ሰቀለ።

ይህ የአንድ ወንዝ ታሪክ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ በ2023 በዘንግ የተያዘው ሳልመን፣ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1952 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ኖርዌይም በሰኔ 2024፣ የማጥመጃው ወቅት ከተከፈተ በኋላ፣ 33 ወንዞችን በድንገት ዘግታለች።

አሁን ወደ ጣና ሐይቃችን ስንመለስ ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ እናያለን። በሐይቁ ውስጥ ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ትላልቅ ዝርያዎች እንዳሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት ገልጸዋል። ከእነዚህ መካከል ከፊሎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በወንዝ አፍ ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ገባሮች በመውጣት በጠጠር ላይ ይራባሉ። ሳልመን ከባሕር እንደሚወጣ፣ እነዚህም ከሐይቅ ይወጣሉ። በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ በጣና ተጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገው ክትትል እንዳሳየው፣ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በክብደት ሲታይ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል፤ የጫጩቶቹ ቁጥር መቀነስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። አዋጅ አለን፤ የሚቀረን በወንዝ አፍ ላይ የሚሠራ አዋጅ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ አዋጁ በወንዝ አፍ ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ደንብ ተላላፊ የምንለው ሰው አንድ ዐይነት አለመሆኑን አስቀድመን መረዳት ይገባናል። በእኔ አስተያየት ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው ደንቡን የማያውቅ ነው። ሁለተኛው ደንቡን ለትርፍ ሲል የሚሰርቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ደንቡን እያወቀ፣ ነገር ግን ፍትሐዊ ነው ብሎ የማይቀበል ነው። ሦስቱንም በአንድ በትር የሚመታ ጠባቂ፣ የመጀመሪያውን ያስመርራል፣ ሁለተኛውን ያስቃል፣ ሦስተኛውን ያሸፍታል።

ከማያውቀው እንጀምር። በስኮትላንድ እሑድ ቀን ሳልመን ማጥመድ ክልክል ነው። ከሌላ አገር ለመዝናናት የመጣ እንግዳ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ጠባቂው ሲያገኘው አስረድቶ ቢመልሰው ሥራው ተፈጽሟል። ከዚህ የሚከብደው ምክንያቱ ለዐይን የማይታይ ደንብ ነው። በኖርዌይ ከሌላ ወንዝ የመጣ አጥማጅ፣ ዘንጉንና ቡትስ ጫማውን በፀረ ተባይ መድኃኒት ሳያጸዳ ወደ ወንዝ መግባት የለበትም። አጥማጁ ግን ንጹሕ ጫማ እንጂ ሌላ አይታየውም። ምክንያቱ ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የሚባል፣ በዐይን ለማየት የሚያስቸግር ጥገኛ ተባይ ነው። በ1970ዎቹ ከባልቲክ አካባቢ ከመጡ ዓሦች ጋር ኖርዌይ ገብቶ ሃምሳ ያህል ወንዞችን በክሏል፤ የገባበትንም ወንዝ ጫጩት ፈጅቷል። ለዚህ ዐይነቱ ተላላፊ ቅጣት ብቻውን አያስተምርም። ምክንያቱን በአጭር ቃል ማስረዳት፣ ማጽጃውንም በወንዙ ዳር በቅርብ ማዘጋጀት ይበልጣል። ላልተማረና ላልተነገረ ሰው ቅጣት የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ሌባው ነው። ይህ ሰው ደንቡን ከጠባቂው እኩል፣ አንዳንዴም አብልጦ ያውቃል። በሳልመን ወንዝ ሌሊት መረብ ይጥላል፤ ወይም የማይመገበውን ዓሣ አፉን ሳይሆን ገላውን በሦስት ጣት መንጠቆ እየነጠቀ ያወጣል። ከሚያዘው ሌላ ቆስሎ የሚያመልጥም አለ፤ ቆስሎ ያመለጠውም ሳይራባ ሊሞት ይችላል። በእኛ ዘንድም የታወቀው የብርብራ ፍሬ አለ። ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ያደነዝዛል፣ ይገድላል። በብርብራ ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ሮቴኖን ይባላል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ኖርዌዮች ከላይ የጠቀስሁትን ተባይ ለማጥፋት በየወንዞቻቸው የሚጠቀሙበት መድኃኒት ይኸው ሮቴኖን ነው። ቬፍስና የተባለውን ወንዝ በ2011ና በ2012 በዚህ መርዝ አክመው፣ የዓሣውን ዘር በሌላ ስፍራ አቆይተው መልሰው በማስገባት፣ ወንዙ ከተባዩ ነጻ መሆኑን በ2017 አስታወቁ። መርዙ አንድ ነው፤ እዚያ በዕቅድ፣ በመጠንና ዘርን አስቀድሞ በማትረፍ ወንዝ ያድናል፤ እዚህ ለአንድ ቀን ገበያ ወንዝ ይገድላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ምክር አጥቶ አይደለም፤ ሕጉ ሊይዘው ይገባል።

ነገር ግን ሌባን በወንዝ ዳር ብቻ መፈለግ ግማሽ ሥራ ነው። የተሰረቀ ዓሣ ገዢ ከሌለው ይሸታል እንጂ ሀብት አይሆንም። ስለዚህ ስኮትላንድ ከ2002 ጀምሮ በዘንግ የተያዘ ሳልመን እንዳይሸጥ ከለከለች። አየርላንድም ከ2001 ጀምሮ አጥማጁ በሚያስቀረው ሳልመን ላይ ቁጥር ያለው ምልክት እንዲያስር አዘዘች፤ ምልክት የሌለው ዓሣ በገበያም በወጥ ቤትም በራሱ ላይ ይመሰክራል። በእኛም ዘንድ በክረምት እንቁላል የሞላ ዓሣ በየገበያው ሲቀርብ፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ መኖር አለበት። እዚህ ላይ የአባቶች ተረት ይረዳናል፤ «ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» ይባላል። ሹሙና ባለሥልጣኑ በተከለከለው ወቅት የተያዘውን ዓሣ በማዕዱ እያቀረበ፣ ድሃውን አጥማጅ መረብህን አምጣ ቢለው ማን ይሰማዋል?

ሦስተኛው ተላላፊ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ይህ ሰው ሌባ አይደለም፤ አላወቅሁም አይልም፤ «ደንቡ አባቴ ያወረሰኝን ሥራ ነጠቀኝ» ይላል። በታና ወንዝ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ሳሚዎች በዚያ ወንዝ በመረብና በግርግዳ ሳልመን እያጠመዱ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። የ2017ቱ ስምምነት ሲወጣ በቂ ምክር አልጠየቃችሁንም ብለው ተቃወሙ። በፊንላንድ በኩል በዚያው ወንዝ ገባሮች የማጥመጃ ደንብ ተላልፈዋል ተብለው የተከሰሱ ሳሚዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት በ2019 በነጻ ለቀቃቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 2022 ፍርዱን አጸና። ምክንያቱም የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ነባሩ ሕዝብ ባህሉን የመጠበቅ መብት እንዳለው ስለሚደነግግና፣ ዓሣ ማጥመድ የዚያ ባህል ክፍል በመሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያ ችሎት ፊት የቆሙት አጥማጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ ደንቡም ራሱ ቆሞ ተጠየቀ።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ደንብ በጠባቂው እጅ ላይ እንደሚሰበር ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይመራል። ፍርዱ በተሰጠበት ጊዜ ወንዙ ለሁሉም ተዘግቶ ነበር፤ መብቱን በችሎት ያስከበረው ሰው ዓሣውን በወንዙ አላገኘውም። መብት ዓሣ አይፈለፍልም። ስለዚህ ወንዙን የሚጠብቀውና ወንዙ የሚያኖረው ሰው፣ ዓሣው ሳያልቅ በፊት በአንድ ጉባኤ መቀመጥ አለባቸው። በጣናም ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች የደንገል ታንኳ ሠርተው በዓሣ ሲኖሩ፣ ሞተር ጀልባ ገና አልታሰበም ነበር። የመራቢያ ወቅት ሲታወጅ፣ ስለ ወንዙ አፍ፣ ስለ ጥልቁና ስለ ዓሣው መውጫ ቀን ከማንም በላይ የሚያውቁትን እነዚህን ሰዎች ሳይጠይቁ ማወጅ፣ ዕውቀትንም ሰላምንም ማጣት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። በክረምት ሁለትና ሦስት ወር አታጥምድ የተባለ ሰው፣ በእነዚያ ወራት ቤተሰቡ ምን ይበላል? አየርላንድ በ2007 በባሕር ላይ የሚንሳፈፈውን የሳልመን መረብ ስትዘጋ፣ ኑሯቸው ለተነካባቸው አጥማጆች ካሣ የሚከፈልበትን መንገድ አብራ አዘጋጅታለች። እኛ የዚያን ያህል ገንዘብ ላይኖረን ይችላል። ሆኖም ማኅበር ያላቸው አጥማጆች ከበጋው ገቢ ለክረምቱ የሚያስቀምጡበትን ዘዴ ማገዝ፣ ከወንዝ አፍ ርቆ በሐይቁ ውስጥ የሚፈቀደውን ስፍራ ለይቶ ማሳየት፣ ወቅቱ በተዘጋ ጊዜ ጥበቃውን ራሳቸው አጥማጆቹ በአበል እንዲሠሩት ማድረግ አያቅተንም። ዳቦ የሌለው ክልከላ ሌሊት ይጣሳል።

ሌባውም ተቃዋሚውም የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ፤ መልስ ሳልሰጥበት ማለፍ አይገባኝም። የሳልመን አጥማጅ «በባሕር ዳር ያለው የዓሣ እርባታ ተባይ ያራባል፣ ባሕሩ ሞቋል፣ እኔን ስለ አንድ ዓሣ ለምን ትይዙኛላችሁ?» ይላል። የጣናውም አጥማጅ «እምቦጩ፣ ግድቡ፣ ወንዙን ለመስኖ የሚስበው ሞተር፣ የታረሰው የሐይቅ ዳር እያለ የእኔ መረብ ምን አደረገ?» ይላል። እውነቱን ነው። የሳልመን መመናመን ዋና ምክንያቶች ከወንዙ ውጭ ያሉ እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ የጣናንም ጉዳት ሁሉ በአጥማጁ ላይ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ሀብቱ ብዙ በነበረ ጊዜ የማይጎዳው ስርቆት፣ ሀብቱ ባነሰ ጊዜ የሚገድል ይሆናል። መቶ እናቶች በሚወጡበት ወንዝ አሥር ቢሰረቁ ዘጠና ይቀራሉ፤ አሥር በሚወጡበት ወንዝ አሥር ቢሰረቁ ወንዙ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ጠባቂው «የሌላው በደል በደል አይደለም» እያለ መከራከር የለበትም። «የአንተንም የእነርሱንም እጽፋለሁ» ማለት፣ ያለውንም መፈጸም አለበት። የግድቡንና የመስኖውን ጉዳት የማይመዘግብ መሥሪያ ቤት፣ የመረቡን ጉዳት ሲመዘግብ አይታመንም።

አሁን በወንዝ ዳር ለሚሰማራ ባልደረባችን ይጠቅማሉ የምላቸውን ጥቂት ነገሮች ልጥቀስ። ደንቡ ወቅቱ ከመዘጋቱ አስቀድሞ፣ በገበያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፣ በአጥማጆች ማኅበር ፊት በሚገባ ቋንቋ ይነገር። ጠባቂ ብቻውን አይሂድ፤ ሁለት ሆኖ ይሂድ፤ ይህ ለደኅንነቱም ለምስክርነቱም ነው። ሲቀርብ ሰላምታ ይቅደም፤ ስሙንና ሥራውን ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድና መሣሪያ ይጠይቅ። ስድብ የሰማ እንደሆነ በስድብ አይመልስ፤ የጠጣ ወይም መሣሪያ የያዘ ሰው ያጋጠመው እንደሆነ መልኩን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን መዝግቦ ይመለስና ኀይል ይዞ ይምጣ። ለአንድ መረብ ሲባል የሰው ሕይወት አይገበርም። የያዘውን መረብና ዓሣ ቆጥሮ፣ ለባለቤቱ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ በሰው ፊት ያስረክብ። የተወረሰ ዓሣ በጠባቂው ቤት ከተበላ ደንቡ በዚያው ቀን ሞተ ማለት ነው። በመጨረሻም፣ ለዘመድ የሚታለፍ ነገር ለባዕድ አይከልከል፤ ለባዕድ የሚከለከል ለዘመድ አይታለፍ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን በመንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎችን፣ ዘብም ወታደርም ሳይኖር፣ አላፊ አግዳሚው በዚህ ቃል ያስቆማቸው ነበር። ቃሉ ኀይል ያገኘው ከጠሪው ጡንቻ አልነበረም። ተጠሪው ሕጉ የእርሱም እንደሆነ፣ ነገ እርሱም ተበድሎ ይህንኑ ቃል እንደሚጠራ ስለሚያውቅ ነው። የወንዝ ደንብም እንዲሁ ነው። ከጉማራ እስከ ታና፣ በየወንዙ አፍ ጠባቂ ማቆም የሚችል መንግሥት የለም። አጥማጁ ጎረቤቱ በተከለከለው ወቅት መረብ ሲጥል አይቶ፣ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጠራበትን ደንብ ማውጣት ግን ይቻላል። ያንን ለማድረግ ደንቡ መነገር፣ መጠየቅ፣ ለሁሉም እኩል መሆንና ዳቦውን ማሰብ አለበት። የታና ወንዝ ሰዎች ይህን ሲያውቁ ዘግይተው ነበር። በጣና ገባሮች ግን ዓሣው ዛሬም በክረምት ወደ ጠጠሩ ይወጣል፤ ቁጥሩ ያንስ እንጂ ይወጣል። ጊዜው ያለን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።